በየብስም በውሃም ለሚሄድ አሮጌ መኪና የትኛው ዘይት፣ የትኛው ግራሶ?

እሸት ፈልፋይ (ጅማ)፣ ሰኞ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፤ እባካችሁ ታገሱኝ።

ታላቅ ወንድሜ ጀርመን ነው፣ በርሊን አቅራቢያ። ባለፈው ዓመት አምፊካር ገዛ። ለማታውቁት፣ ይኼ ከአስፋልት ወርዶ ቀጥታ ሐይቅ የሚገባና እንደ ጀልባ የሚሄድ መኪና ነው። ዲዛይኑን ያወጣው ሃንስ ትሪፕል የሚባል ጀርመናዊ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1960ዎቹ ተሠርቶ የቀረ ነው፤ ሁሉም ተደምሮ 4,000 አልሞላም። ሞተሩ ትራያምፍ ሄራልድ የሚባለው የእንግሊዝ መኪና ሞተር ነው፤ 1147 ሲሲ፣ አራት ሲሊንደር፣ ከኋላ የተቀመጠ። ከኋላ ከሥር ሁለት የናይለን ፕሮፔለር አለው። ውሃ ላይ የሚታጠፈው በፊት ጎማዎቹ ነው፤ ሌላ መሪ የለውም።

ወንድም ጋሼ መካኒክ አይደለም። ግን መኪናውን እንደ ልጁ ነው የሚያየው። እኔ ደግሞ ሥራዬ የእሸት ቡና ማጠቢያ ማሽኖች ጥገና ነው፤ ጎማና ማና ወረዳ እዞራለሁ። ቡና ሲደርስ የመፈልፈያው ኩሽኔታ ሌት ተቀን ውሃ ይረጭበታል። «ውሃ ውስጥ የሚዞር ብረት የምታውቀው አንተ ነህ፣ ንገረኝ» አለኝ። የማውቀውን ነገርኩት። አሮጌ መኪና ግን ሌላ ነው፤ እንዳላሳስተው ፈራሁ።

የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ እያንዳንዱ 5 ሰዓት የውሃ ጉዞ ላይ 13 ቦታ ግራሶ ይደረግ ይላል። አንዱን ቦታ ለማግኘት የኋላ መቀመጫው መነሳት አለበት። ወንድሜ 12ቱን አገኘ። ካምቢዮው ደግሞ ጠዋት ጠዋት ማርሽ አልቀበል ይለዋል። ምን ዓይነት ግራሶ ይግዛ? ካምቢዮ ላይስ ምን ይጨምር? የሞተሩስ ዘይት?

የድሮ ጋራዥ (ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ)

ልጄ፣ ስለ ግራሶው ዓይነት ልጆቹ ይንገሩህ። እኔ ከዚያ በፊት አንድ ነገር ልበል።

ድሮ በላንድሮቨር ወደ ገጠር ስንወጣ ወንዝ ሲሞላ ድልድይ የለም፣ በውሃው ነው የምንሻገረው። ቁልቁለቱን በፍሬን ወርደን፣ ታምቡሩ ግሎ፣ ኩሽኔታው ግሎ፣ እንደ ደረስን ዘው። ከሦስት ወር በኋላ ጎማው መጮህ ይጀምራል። ስንፈታው ግራሶው ነጭ ሆኖ፣ ኩሽኔታው ዝጎ እናገኘዋለን። ለብዙ ጊዜ ጥፋቱ የግራሶው ይመስለን ነበር።

ጥፋቱ የእኛ ነው። የጎማው እምብርት ሲግል ውስጡ ያለው አየር ይሰፋል። ድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው አየሩ ይኮማተራል፤ ያኔ በኦይል ሲሉ (ዘይትና ግራሶ እንዳይወጣ ዘንጉን በሚከበው ጎሚኒ) በኩል ውሃ ይስባል። እንደ መርፌ ማለት ነው። ምንም ዓይነት ግራሶ ብትሞላ ውሃ የሚስብ እምብርት ውሃ ይጠጣል።

ስለዚህ ለወንድምህ እንዲህ በለው። ሐይቁ ዳር ሲደርስ መኪናውን ያቁም። እጁን ጎማው መሐል ላይ ያድርግ። ሙቀቱ እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ አይግባ። እኛ ከዚያ በኋላ ወንዝ ዳር ቁጭ ብለን ቡና አስፈልተን ነበር የምንሻገረው።

ቶሎ መላሽ (አዲስ አበባ)

ቀዩን ግራሶ ይግዛ፣ አለቀ። ቀዩ ለውሃ ነው።

ኬሚስት ኪቶ (ጅማ)

ቶሎ መላሽ፣ ይቅርታ አድርግልኝና ይኼ ልክ አይደለም። ቀለም ማለት ቀለም ነው። አምራቹ የፈለገውን ይጨምርበታል። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ አንዱም ስለ ውሃ ምንም አይነግርህም። እዚህ መርካቶም ሆነ እዚያ በርሊን ጣሳው ጀርባ ላይ ያለውን ጽሑፍ ነው ማንበብ።

እሸት ፈልፋይ፣ እስቲ ከሥሩ ልጀምርልህ። ግራሶ ማለት ዘይት ነው፤ ዘይቱን የያዘው ደግሞ ሳሙና ነው። ቃል በቃል ሳሙና። ሳሙናው እንደ ስፖንጅ ዘይቱን ይዞ ይቀመጣል፤ ኩሽኔታው ሲዞር ጥቂት ጥቂት ይለቃል። ውሃ ሲገባ ወሳኙ ይኼ ሳሙና ከምን እንደተሠራ ነው።

ከሶዲየም የተሠራ ከሆነ በውሃ ይሟሟል። ልብስ እንደምታጥብበት ሳሙና በለው። ድሮ ለጎማ ኩሽኔታ ይሸጥ ነበር፤ ለዚህ መኪና ፈጽሞ አይሆንም። የድሮው የካልሲየም ግራሶ ውሃን በደንብ ይቋቋማል፣ ዋጋውም ርካሽ ነው። ችግሩ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ይቀልጣል። ፍሬን ያለበት የጎማ ኩሽኔታ ውስጥ ከገባ ቀልጦ የፍሬኑ ሸራ ላይ ይፈሳል፤ ያ ደግሞ አደጋ ነው። ሊቲየም የሚባለው በየሱቁ ያለው ነው። ለአስፋልት መኪና ጥሩ ነው፤ ውሃንም በመጠኑ ይችላል። ሊቲየም ኮምፕሌክስ ሙቀትን ከተራው ሊቲየም የበለጠ ይችላል።

ለውሃ እኔ የምመርጠው ካልሲየም ሰልፎኔት ነው። ይኼ ከድሮው ካልሲየም ጋር ስሙ እንጂ ሥራው አይገናኝም። ከ300 ዲግሪ በላይ እንኳ አይቀልጥም። ውሃ ሲቀላቀልበት አይበተንም። ዝገት የመከላከል ችሎታው ከራሱ ከሳሙናው የሚመጣ ነው እንጂ ከላይ በተጨመረ ኬሚካል ብቻ አይደለም። ለመርከብና ለወረቀት ፋብሪካ የሚፈለገውም ለዚህ ነው።

ሻጩ «ለውሃ ነው» ሲለው ወንድምህ አንድ ነገር ይጠይቅ። የውሃ አጠባ ፈተና ውጤቱ ስንት ነው? ኤኤስቲኤም ዲ1264 ይባላል። ግራሶ የተሞላ ኩሽኔታ በደቂቃ 600 ዙር እየዞረ ለአንድ ሰዓት ውሃ ይረጭበታል፤ ከዚያ ስንት በመቶው ታጥቦ እንደሄደ ይመዘናል። ውሃው 38 ወይም 79 ዲግሪ ይሆናል። ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ግራሶው የተሻለ ነው። በየትኛው ሙቀት እንደተለካ ግን አብሮ ያንብብ፤ በ38 ዲግሪ ያማረ ግራሶ በ79 ላይ ላያምር ይችላል።

ውፍረቱ ቁጥር 2 ይሁን፣ ኤንኤልጂአይ 2። ከዚያ የወፈረ በ60 ዓመት ኒፕል (ግራሶ በሚገፋበት ጫፍ) እና በጠባብ ቱቦ አልፎ አይደርስም።

ኩሽኔታ ነኝ (አጋሮ)

የኬሚስቷን ሐሳብ እደግፋለሁ፤ ግን ትልቁ ነገር ተረስቷል። መቀላቀል!

በገዛ እጄ ያደረግኩትን ልንገራችሁ። አንድ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ላይ የመፈልፈያው ኩሽኔታ ውስጥ የነበረው ግራሶ ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። አዲስና ውድ የሆነ ግራሶ አመጣሁና ከላይ ሞላሁበት። በአራተኛው ቀን ኩሽኔታው እንደ ሾርባ የቀጠነ ነገር ማንጠባጠብ ጀመረ። በስድስተኛው ቀን ቆመ። የገበሬው ቀይ እሸት በጆንያ ተደርድሮ ሲጠብቅ፣ እኔ ሌሊቱን በባትሪ ኩሽኔታ ስቀይር አደርኩ። እሸት ደግሞ አይጠብቅም፣ አድሮ ይቦካል። ያን ሌሊት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ሁለት ጥሩ ግራሶዎች ተቀላቅለው አንድ መጥፎ ግራሶ ሊሆኑ ይችላሉ። ፖሊዩሪያ የሚባለው ከብዙዎቹ ጋር አይስማማም። ከሸክላ የሚሠራውም እንዲሁ። ካልሲየም ሰልፎኔትና ሊቲየም አንዳንዴ ይስማማሉ፣ አንዳንዴ አይስማሙም፤ እንደ አምራቹ ነው።

ስለዚህ የጎማ ኩሽኔታው ይፈታ። በጋዝ ታጥቦ ይድረቅ። አዲሱ ግራሶ በእጅ ውስጥ ድረስ ይገፋ። መፍታት ለማይቻለው ቦታ ግን አሮጌው እስኪወጣና አዲሱ ንጹሕ ሆኖ እስኪታይ ይገፋ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ይደገም። ከዚያ ወዲያ ዓይነት አይቀያየር። አንድ ጣሳ፣ አንድ ፓምፕ፣ ፓምፑ ላይ ስሙ ይጻፍበት።

እሸት ፈልፋይ (ጅማ)

ኩሽኔታ ነኝ፣ ይኼ ነገር እኔም ላይ ደርሷል፤ ምክንያቱን ዛሬ ገና አወቅኩ። የአምፊካሩ የቀድሞ ባለቤት ምን ዓይነት እንደተጠቀመ ወንድሜ አያውቅም። ስለዚህ ሁሉንም ይፍታ ማለት ነው?

ኩሽኔታ ነኝ (አጋሮ)

አዎ። የማታውቀውን ግራሶ እንደሌለ ቁጠረው።

ጀልባ ጣና (ባሕር ዳር)

ሰላም። እኔ የጀልባ ሞተር ነው የምሠራው፤ መኪናውን አይቼው አላውቅም። የፕሮፔለር ዘንግ ግን ሁሉም ቦታ አንድ ነው።

ዘንጉ ከውስጥ ወደ ውጪ ሲወጣ የሚያልፍበት ቦታ ላይ ግራሶ ሁለት ሥራ አለው። አንዱ ማለስለስ ነው። ሁለተኛው ግድግዳ መሆን ነው። ውሃው እንዳይገባ ቦታውን የሚይዘው ግራሶው ነው። ስለዚህ እዚያ ቦታ ላይ ቁጠባ አይሠራም። ንጹሕ ግራሶ በዳር ብቅ እስኪል ይገፋ። ብቅ ያለውን ግን በጨርቅ ይጥረገው። እንዳለ ከገባ ሐይቁ ላይ ዘይት ይንሳፈፋል፤ ጀርመኖቹ ሐይቃቸው ላይ ዘይት ሲያዩ ዝም አይሉም፣ እኛም ዝም ማለት የለብንም።

ደግሞ ሰዓቱ። ብዙ ሰው ከመግባቱ በፊት ግራሶ ያደርግና ከወጣ በኋላ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ተገላቢጦሽ ነው። ከውሃ እንደወጣ፣ የዚያኑ ቀን፣ ገና እርጥብ ሳለ ነው መደረግ ያለበት። አዲሱ ግራሶ የገባውን ውሃ ገፍቶ ያወጣል። አድሮ ከሆነ ውሃው ሌሊቱን ብረቱ ላይ ተኝቷል ማለት ነው፤ ዝገቱም ጀምሯል። ለእኔ ይኼ ከግራሶው ዓይነት ይበልጣል። መካከለኛ ግራሶ በየጊዜው የሚደረግለት ዘንግ፣ ውድ ግራሶ በዓመት አንዴ ከሚደረግለት ይልቅ ዕድሜ አለው።

የአዌቱ ልጅ (ጅማ)

የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ይኼው መኪና ነበራቸው። ቴክሳስ ርሻቸው ላይ እንግዳ ጭነው ቁልቁል ወደ ሐይቁ እየነዱ «ፍሬን የለም!» ብለው ያስደነግጡ ነበር። ከዚያ መኪናው ቀስ ብሎ ይንሳፈፋል።

ስለ ካምቢዮው ልመልስ። ወንድምህ ጂኤል-5 የሚባለውን የማርሽ ዘይት ሞልቶበት እንዳይሆን። ብዙ ሰው 5 ከ4 ይበልጣል ብሎ ነው የሚገዛው። ጂኤል-5 የተሠራው ለዲፈረንሻል ነው። በውስጡ ያለው ድኝና ፎስፈረስ ከጂኤል-4 እጥፍ ገደማ ነው። የድሮ ካምቢዮ ሲንክሮናይዘሩ (ማርሽ ሲገባ ፍጥነቱን የሚያስተካክለው ቀለበት) ነሐስ ነው። ድኙ ነሐሱን ሊበላው ይችላል። ደግሞ ሲንክሮናይዘር የሚሠራው በሰበቃ ነው፤ ዘይቱ ከመጠን በላይ ካንሸራተተው ማርሹ አይያዝም። ጠዋት ጠዋት ማርሽ አልቀበል ማለቱ ከዚህ ሊመጣ ይችላል። ጂኤል-4 ይሁን፤ ውፍረቱን ከመመሪያው ይውሰድ።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ቁጥሩ አያሳስተው። የካምቢዮ 90 ማለት ከሞተር 90 ጋር አይነጻጸርም። መለኪያው ሌላ ነው። የካምቢዮ 90 በውፍረት ከሞተር 40 እና 50 ጋር ነው የሚቀራረበው።

የድሮ ጋራዥ (ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ)

ስለ ጂኤል ልክ ነህ ልጄ። ግን ዘይት ከመግዛቱ በፊት ውሃ መኖሩን ይይ። መኪናው ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ይደር። ጠዋት ሳያስነሳው የካምቢዮውን ማፍሰሻ ቡሎን ቀስ አድርጎ ያላላ፤ እንዳያወጣው። ውሃ ከዘይት ይከብዳል፣ ከሥር ነው የሚተኛው። ካለ ቀድሞ የሚወጣው ውሃው ነው። ከሥሩ የብርጭቆ ዕቃ ያድርግ፣ በዓይኑ ያየዋል።

ዘይቱ ወተት የገባበት ቡና መስሎ ከወጣ ደግሞ ውሃውና ዘይቱ ተዋህደዋል ማለት ነው። ያን ዘይት ማጥለልም ማስቀመጥም የለም።

ኬሚስት ኪቶ (ጅማ)

ጋሼ ያሉት ትክክል ነው። ዘይቱ ንጹሕ መስሎ ታይቶም ጥርጣሬ ካለ ሌላ ዘዴ አለ። ብረት ሳህን በደንብ ይጋል፣ ወደ 150 ዲግሪ። አንድ ጠብታ ዘይት ይጣልበት። ውሃ ካለው ይንጣጣል፤ ከሌለው ዝም ብሎ ይዘረጋል። ይኼ ደጅ ላይ፣ መነጽር አድርጎ፣ እሳቱ ዘይት ሳይነካ ይሁን። ሳህኑ ዳግመኛ ለምግብ እንዳይውል።

ሞተር አፍቃሪ (ሐዋሳ)

የሞተሩን ዘይት ማንም አልመለሰም፤ እኔ ልሞክር።

የ1960ዎቹ ሄራልድ ሞተር ሮለር የለውም። ካሙ (ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰው ዘንግ) ታፔቱን (የቫልቭ መግፊያውን) እየተንሸራተተ ነው የሚገፋው። በሁለቱ መሐል ያለው ጫና ከባድ ነው። ያንን ጫና የሚሸከመው ዘይቱ ውስጥ ያለው ዚንክና ፎስፈረስ ነው። ለአዲስ መኪና የሚሠሩት ቀጫጭን ዘይቶች ላይ ፎስፈረሱ ተቀንሷል፤ ጭስ ማጣሪያውን ስለሚያበላሽ። እዚህ መኪና ላይ ጭስ ማጣሪያ የለም፤ ስለዚህ የሚፈራ ነገር የለም። 20ደብሊው-50 የሚባለውን ወፍራም ዘይት ይግዛ፤ ለአሮጌ መኪና ተብሎ የተሠራ፣ የዚንኩ መጠን የተጻፈበት። ያ የፎስፈረስ ገደብ የተጣለው በቀጫጭኖቹ ላይ ስለሆነ በዚህ ውፍረት ማግኘት አይከብድም።

5ደብሊው-30 ሲንቴቲክ «ምርጥ ነው» ብለው እንዳይሸጡለት። ለአዲስ መኪና ምርጥ ነው። እዚህ ግን በድሮ ጓርኒሲዮን (በብረቶቹ መጋጠሚያ መሐል በሚገባው ማፈኛ) በኩል ያልባል፤ ያላበው ደግሞ ወለሉ ላይ ይጠራቀማል፤ የወለሉ ውሃ መምጠጫ ፓምፕ ሲሠራ ሐይቅ ውስጥ ይተፋዋል። በተራ መኪና ዘይት ማንጠባጠብ ወለል ማቆሸሽ ነው። በዚህ መኪና ውሃ መበከል ነው።

የአዌቱ ልጅ (ጅማ)

ሞተር አፍቃሪ ያልከው ልቤን ነካኝ። እኛ ከተማ መሐል አዌቱ ያልፋል። ከጋራዥ የሚወጣ የተቃጠለ ዘይት ዝናብ ሲመጣ የት እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን። ከልጅነቴ ጀምሮ ነው የማየው። ዘይት የምትቀይሩ ሰዎች እባካችሁ በጀሪካን ሰብስቡ።

ጀልባ ጣና (ባሕር ዳር)

አንድ ነገር ሳልረሳ። በሩ! መኪናው በር አለው አይደል? የበሩ ጎሚኒ ላይ ተራ ግራሶ እንዳይቀባ። የነዳጅ ዘር የሆነ ቅባት ጎሚኒን ያሳብጠዋል፣ ያለሰልሰዋል፣ በመጨረሻ ይቀደዳል። በር ላይ የተቀደደ ጎሚኒ ማለት የሚሰምጥ መኪና ማለት ነው። ለጎሚኒ የሲሊኮን ቅባት ብቻ። ፍሬን ሲሊንደር ውስጥ ያለው ጎሚኒም ለፍሬን የተሠራ ቅባት ነው የሚፈልገው።

የፍሬን ዘይቱም ይታሰብበት። ዶት 3 እና ዶት 4 ውሃ ከአየር ላይ ይስባሉ፤ ታምቡሩ ሐይቅ ውስጥ ለሚገባ መኪና ቶሎ ቶሎ መቀየር አለበት።

ወንድም ጋሼ (በርሊን)

ሰላም ለሁላችሁ። የመኪናው ባለቤት እኔ ነኝ። ታናሽ ወንድሜ ሊንኩን ልኮልኝ ነው። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጅማ ከወጣሁ 22 ዓመቴ ነው፤ ስለ መኪናዬ በአማርኛ እንዲህ ተወርቶ ሳነብ ይኼ የመጀመሪያዬ ነው።

ጋሼ እንዳሉት አደረግኩ። መኪናው አድሮ ጠዋት ቡሎኑን አላላሁት። መጀመሪያ የወጣው ውሃ ነበር፣ ግማሽ ብርጭቆ ይሆናል። ከዚያ የቡና በወተት መልክ ያለው ዘይት ተከተለ። ጠርሙሱን አስቀምጬዋለሁ። የቀድሞው ባለቤት የሞላበት ጂኤል-5 እንደነበረም ከጋራዡ ውስጥ በተረፈው ጣሳ አወቅኩ። አዲሱን ጂኤል-4 ሞላሁ፣ ትንሽ ነድቼ እንደገና አፈሰስኩት፣ እንደገና ሞላሁ። ማርሹ አሁን ይገባል። ውሃው የገባበትን ኦይል ሲል ደግሞ አዝዣለሁ፤ እሱ ሳይቀየር ሐይቅ አልገባም።

የጎማዎቹን ኩሽኔታ በሙሉ ፈታሁ። የቀኙ የኋላ ኩሽኔታ ዝጓል፣ ተቀየረ። ሌሎቹ ታጥበው ካልሲየም ሰልፎኔት ገባባቸው። ፓምፑ ላይ ስሙን በአማርኛ ጻፍኩበት።

13ኛውንም አገኘሁት። የኋላ መቀመጫውን አንስቼ፣ በባትሪ አይቼ፣ ቆሻሻ ስር ተቀብሮ ነበር። ኒፕሉ ተደፍኗል። የቀድሞው ሰው መቀመጫውን አንስቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። ኒፕሉን ቀይሬ ስገፋ መጀመሪያ ምንም አልወጣም። ከዚያ ጥቁር፣ ከዚያ ነጭ፣ ከዚያ ቡናማ ሆኖ ወጣ። ንጹሑ ብቅ እስኪል ሃያ ያህል ጊዜ ፓምፑን መታሁ።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ከውሃ እንደወጣሁ ግራሶ ይደረግ ብላችኋል። ግን ሐይቁ ዳር መቀመጫ ማንሳት አይመችም፤ ቤቴ 40 ደቂቃ ነው። እየነዳሁ ቤት ደርሼ ባደርግስ?

ጀልባ ጣና (ባሕር ዳር)

40 ደቂቃ ምንም አይደለም። እንዲያውም መንዳቱ ያሞቀዋል፣ ግራሶው ይቀበልሃል። ፍሬኑን ግን መንገድ ላይ ቀስ እያልክ ደጋግመህ ርገጠው፤ ሸራው እርጥብ ነው፣ እስኪደርቅ በደንብ አይዝም። ማደር ግን የለም።

እሸት ፈልፋይ (ጅማ)

ወንድም ጋሼ፣ እንኳን ደስ አለህ። ኦይል ሲሉ እንደደረሰህ ደውልልኝ፣ ስትገጥመው በቪዲዮ እያየሁህ እንሠራዋለን። ከንፈሩ ወደ ዘይቱ በኩል ይዙር። ከመግፋትህ በፊት ከንፈሩን ዘይት ቀባው፣ ደረቁን እንዳታስገባው፤ እኛ ጋ ብዙ ኦይል ሲል የሚበላሸው ገና ሲገባ ነው። ዘንጉ ላይ ጣትህን አንሸራትት፤ ጥፍርህ የሚይዘው ጭረት ካለ አዲሱ ኦይል ሲልም ያፈስሳልና ሳትገጥመው ንገረኝ።

እስከዚያ የፕሮፔለሮቹን ኒፕሎች ፎቶ አንስተህ ላክልኝ።